ትምህርት ቤቱ አይኢፒውን ካላከበረ፦ ስቴቱ እንዲመረምረው እንዴት ታደርጋላችሁ?

ልጄ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እጁ ጀርባ ላይ የዓሣ ስቲከር ተለጥፎ ነበር የሚመጣው። የምትለጥፍለት የስፒች ቴራፒስቷ (የንግግር ባለሙያዋ) ናት። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ጃኬቱን ሳወልቅለት እጁን አየሁና «ዓሣው የት ሄደ?» አልኩት። «ሚስ የለችም» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ብለው ሊነግረኝ አልቻለም። ትምህርት ቤት ስደውል ነው ጉዱን የሰማሁት። ቴራፒስቷ ኦክቶበር ላይ ሥራ ለቃለች፣ ምትክ አልተገኘም፣ ለእኛም የነገረን ሰው የለም። አይኢፒው ላይ ግን «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 30 ደቂቃ» የሚለው እንደተጻፈ ቁጭ ብሏል።

ያን ቀን የማውቀው መናደድ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ተማርኩ። እዚህ የማስቀምጠው እሱን ነው፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ለሚማር የእኛ ሰዎች። አይኢፒ ለማታውቁት፣ ለልጁ በግል የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ ነው። ሕጋዊ ሰነድ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲመቸው የሚያደርገው፣ ሳይመቸው የሚተወው ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ተቆጣጣሪ አለ፣ ሕግም አለ። ግን ተቆጣጣሪው የልጃችሁ ክፍል ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። እሱ የሚያየው ወረቀት ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱን ወረቀት ይልካል። የእናንተ ወረቀት ከሌለ የሚታየው የእነሱ ብቻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባላችን ለዚህ የተባለ ነው የሚመስለኝ።

አንደኛ፦ ማን ማንን እንደሚቆጣጠር እወቁ

ሕጉ በአጭሩ «አይዲያ» ይባላል። መጀመሪያ የወጣው በ1975 ነው፣ ፕሬዚዳንት ፎርድ ናቸው የፈረሙት። በ1990 አሁን ያለውን ስም ያዘ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሰፊው የተሻሻለው ደግሞ በ2004 ነው። ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉ፣ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ነፃና ለእነሱ የሚስማማ የመንግሥት ትምህርት እንዲያገኙ ያዛል። በዚህ ሕግ የሚገለገሉ ተማሪዎች ከ7 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብቻችሁን አይደላችሁም ማለት ነው።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው። ከላይ የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር አለ፣ በውስጡም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቢሮ። እሱ ስቴቶችን ይቆጣጠራል። እያንዳንዱ ስቴት በየዓመቱ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ሪፖርት ያስገባል፣ ቢሮውም በበጋ ከአራት ደረጃዎች አንዱን ይሰጠዋል፦ መስፈርቱን ያሟላ፣ እገዛ የሚያስፈልገው፣ ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው፣ ከፍተኛ ጣልቃ መግባት የሚያስፈልገው። የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ደግሞ በተራው ለእያንዳንዱ ዲስትሪክት፣ ማለት የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁ ደረጃ ይሰጣል። ዲስትሪክቱ ትምህርት ቤቱን ይመለከታል። ለእናንተ ዋናው ሰው ስቴቱ ነው። ዋሽንግተን ያለው ቢሮ የአንድ ልጅን ጉዳይ አይዳኝም፤ ስቴቱ ግን የመመርመር ግዴታ አለበት።

ተቆጣጣሪው ራሱ እንደሚያጠፋም እወቁ። ቴክሳስ በ2004 ዲስትሪክቶች ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጧቸው ልጆች 8.5 በመቶ ገደማ እንዲሆኑ መለኪያ አወጣች። ከቁጥሩ ያለፈ ዲስትሪክት ጥያቄ ይነሳበት ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የሚገባቸው ልጆች በር ላይ ተመለሱ። ጋዜጠኞች በ2016 አወጡት፣ የፌዴራል መንግሥቱም በ2018 መጀመሪያ ላይ ስቴቱ ሕግ ጥሷል ብሎ ወሰነ። ዳላስና ሂውስተን ስንት የእኛ ቤተሰብ እንዳለ አስቡት። ሀበሻ በብዛት ያለባት ቨርጂኒያም በ2020 የፌዴራሉ ቢሮ የቁጥጥር ሥራዋን መርምሮ ብዙ ጉድለት አግኝቶባታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስቴቱ ምክር ቤት የራሱ የጥናት ኮሚሽንም የወላጆች አቤቱታ አያያዝ ላይ ከባድ ትችት አቀረበ፤ ትምህርት ቤቱ አጥፍቷል ከተባለም በኋላ ልጁ ያጣው ነገር መካካሱ በደንብ አይረጋገጥም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ልታጡ አይደለም። «ስቴቱ ወስኗል፣ አለቀ» ብላችሁ እንዳትተኙ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፦ የዲስትሪክታችሁን ውጤት አውጥታችሁ እዩ

ይህ ብዙም ጊዜ አይወስድም። ስቴቱ የእያንዳንዱን ዲስትሪክት ውጤት ለሕዝብ የማውጣት ግዴታ አለበት። በስቴታችሁ ትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ «ስፔሻል ኤጁኬሽን ፐርፎርማንስ ሪፖርት» ብላችሁ የዲስትሪክታችሁን ስም ጨምሩ። ካላገኛችሁት ደውላችሁ ጠይቁ።

መለኪያዎቹ በቁጥር ተለይተው ነው የሚቀመጡት። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ቁጥር 11ን እዩ፤ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ለማወቅ ልጆች የሚመረመሩት ምርመራ በተወሰነው ቀን ውስጥ አልቋል ወይ የሚለውን ነው የሚለካው፣ ግቡም 100 በመቶ ነው። ቁጥር 5ን እዩ፤ ልጆቹ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የሚውሉት ምን ያህል ነው ይላል። ቁጥር 9 እና 10 የአንድ ዘር ልጆች ከልክ በላይ ወደ ልዩ ፍላጎት ተገፍተው እንደሆነ ያሳያሉ። ለጥቁር ወንድ ልጅ ወላጅ እነዚህ ሁለቱ ተራ ቁጥር አይደሉም።

ቁጥር 8 ደግሞ የእናንተው ነው። በዓመቱ ውስጥ በፖስታ ወይም በኢሜል «የወላጆች መጠይቅ» የሚመጣላችሁ፣ ብዙዎቻችን ሳንከፍተው የምንጥለው፣ እሱ ነው። ወላጆች መጠይቁን ሳይሞሉ ሲቀሩ ዲስትሪክቱ የሚመዘነው በሌሎች ሰዎች አስተያየት ነው። ሙሉት። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ማስታወቂያ መስሏት ቆሻሻ ውስጥ የጣለችውን አውጥተን አብረን ሞላነው። 15 ደቂቃ አልፈጀብንም።

ሦስተኛ፦ አይኢፒው ላይ የአገልግሎት ገጹን ፈልጉ

አይኢፒ 20 ወይም 30 ገጽ ሊሆን ይችላል። ሰው ይፈራዋል። በአገልግሎት ገጹ ጀምሩ። በሰንጠረዥ የተቀመጠ ነው። የአገልግሎቱ ዓይነት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚሉት እዚያ አሉ። ይህን ገጽ ፎቶ አንሡና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ሌላው ገጽ ስለ ልጁ የሚናገር ነው፤ ይህኛው ትምህርት ቤቱ ሊሰጥ ቃል የገባው ነው፣ የሚቆጠረውም እሱ ነው።

«እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ካያችሁ አትቀበሉት። ሊቆጠር የማይችል ነገር ሊመረመርም አይችልም። «በሳምንት ስንት ደቂቃ?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጥሩን ያስገቡት።

ግቦቹንም ተመልከቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ኢንድሩ በሚባል የኮሎራዶ ልጅ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ እድገት እንዲያሳይ ተደርጎ መዘጋጀት አለበት ብሏል። ትንሽ ነገር ተሰጥቶታል ማለት አይበቃም። ያምናው ግብ ዘንድሮም ቃል በቃል ተገልብጦ ከመጣ «ለምን?» በሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ካልሠራ ወይ ግቡ ወይ አገልግሎቱ መቀየር አለበት።

አራተኛ፦ ደብተር ያዙ

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። አራት ወር ሙሉ ስቲከሩ ጠፍቶ አላየሁም። አንድ ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት እነቃ ነበር።

የአምስት ብር ደብተር ዓይነት ይበቃል፣ ውድ ነገር አያስፈልግም። ቀን፣ ምን መሰጠት ነበረበት፣ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም፣ ማን ነገራችሁ። በቃ። ልጁ መናገር የማይችል ከሆነ ለቴራፒስቱ ወይም ለኬዝ ማናጀሩ (አይኢፒውን ለሚከታተለው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ) በየሁለት ሳምንቱ አጭር ኢሜል ላኩ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጄ ስንት ጊዜ ቴራፒ አገኘ? ቀኖቹን ቢልኩልኝ።» መልስ ከመጣ ማስረጃ ነው፤ መልስ ካልመጣም መጠየቃችሁ ራሱ ማስረጃ ይሆናችኋል።

በስልክ ወይም በር ላይ የተነገራችሁን ነገር እዚያው ቀን ወደ ኢሜል ቀይሩት። «ዛሬ በር ላይ ስንገናኝ የስፒች ቴራፒስት እንደሌለ ነግረውኛል። በትክክል ከተረዳሁ ያረጋግጡልኝ» ብላችሁ ላኩ። ጨዋ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ግን ከዚያ በኋላ «አላልንም» ማለት አይቻልም።

የልጃችሁን ፋይል የማየት መብትም አላችሁ። በጽሑፍ ስትጠይቁ ሳይዘገዩ፣ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ፣ ከአይኢፒ ስብሰባ በፊት ከሆነ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ሊያሳዩአችሁ ይገባል። «የአገልግሎት መዝገብ» የሚለውን ለይታችሁ ጠይቁ። ቴራፒስቶች ልጁን ያዩበትን ቀን የሚመዘግቡበት ነው። እኔ ይህን መዝገብ ሳገኝ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ቁጭ ብዬ የትምህርት ቤቱን ካላንደር ይዤ፣ በዓላቱንና በረዶ የዘጋባቸውን ቀኖች ቀንሼ ቆጠርኩ። 31 ጊዜ። 15 ሰዓት ተኩል። እንደዚያ ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናገረው «ልጄን በደሉት» ሳይሆን «15 ሰዓት ተኩል» ሆነ። ሰው የሚሰማኝም ያኔ ነው።

አምስተኛ፦ «አይሆንም» ሲሏችሁ በጽሑፍ ይስጧችሁ

ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ለመቀየር ሲፈልግ ወይም እናንተ የጠየቃችሁትን ሲከለክል፣ ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ፣ በምን መረጃ እንደወሰነ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። «ፕራየር ሪትን ኖቲስ» ይባላል። ስሙን ያዙት። ስብሰባ ላይ «ዲስትሪክቱ ይህን አይሰጥም» ሲባሉ ብዙ ወላጆች ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ። እናንተ «እሺ፣ ፕራየር ሪትን ኖቲስ ላይ ጻፉልኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ በቃል የተባለው «አይሆንም» ወረቀት ላይ ሲመጣ ይለሳለሳል፣ ምክንያቱም ያ ወረቀት ነገ ስቴቱ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ያውቃሉ።

ትምህርት ቤቱ ልጃችሁን እንዲመረምረው ከጠየቃችሁም እንዲሁ፣ በጽሑፍና ቀን ያለበት ይሁን። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ከፈረማችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ስቴቱ የራሱ ገደብ ከሌለው። ቨርጂኒያ 65 የሥራ ቀን ትቆጥራለች፣ ሚኒሶታ 30 የትምህርት ቀን። የስቴታችሁን አረጋግጡና ካላንደራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ።

ስድስተኛ፦ ቋንቋው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ነው።

ለአይኢፒ ስብሰባ አስተርጓሚ ማምጣት የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፣ በነፃ። ስልክ ላይ ያለ አስተርጓሚ ከደካማ መስመር ጋር ሲመጣ ሰምታችሁ የማትረዱ ከሆነ «አልገባኝም፣ ሌላ ቀን ይቀጠር» ማለት ትችላላችሁ። ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙት። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ ኦቲዝም በባለሙያዎች መሀል ቁጭ ብሎ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለእሱም ሸክም ነው፣ ለእናንተም ትክክለኛ ቃል አይደርሳችሁም። እንግሊዝኛ ለሥራ የሚበቃችሁ ብትሆኑም «አያስፈልገኝም» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስቡበት። የዕለት እንግሊዝኛና የአይኢፒ እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም።

ሜሪላንድ ላይ ቋንቋችሁ በዲስትሪክቱ ከ1 በመቶ በላይ ተማሪዎች የሚነገር ከሆነ አይኢፒው እንዲተረጎምላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ በ30 ቀን ውስጥም ሊሰጧችሁ ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፣ አማርኛም ከሚሸፈኑት አንዱ ነው። ፕራየር ሪትን ኖቲሱ ደግሞ በየትኛውም ስቴት፣ በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቋንቋችሁ ሊሰጣችሁ ይገባል።

ልጁ ሲመረመርም ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እስከተቻለ ድረስ በልጁ ቋንቋ ይመርመር። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ጉዳት አለበት ሊባል አይችልም። ግን ተቃራኒውም አለ። «እንግሊዝኛ እስኪለምድ እንጠብቅ» እየተባለ ሁለት ዓመት የሚያልፍበት ልጅ አውቃለሁ፤ በአማርኛም የማይናገር ልጅ ነበር። ልጃችሁ በቤት ቋንቋውም ከተቸገረ ያንን በጽሑፍ አስፍሩ፦ «በአማርኛም ሁለት ቃል አያያይዝም።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር «እንጠብቅ» የሚለውን ትዘጋለች።

ሰባተኛ፦ ለስቴቱ አቤቱታ ጻፉ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። «ስቴት ኮምፕሌይንት» ይባላል። ነፃ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ፍርድ ቤትም አይደለም። ስቴቱ በ60 ቀን ውስጥ መርምሮ በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ ልዩ ምክንያት ካለ ወይም ሁለታችሁም ለሽምግልና ከተስማማችሁ ነው የሚራዘመው። ጥሰቱ አቤቱታው ከደረሰበት ቀን ወደ ኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት። ስለዚህ አትቆዩ።

የምናውቃቸው ሰዎች ይህን የማይጠቀሙት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ያደግነው አስተማሪን እንደ ወላጅ እያከበርን ነው። መክሰስ ያሳፍራል። «ልጄን ቂም ይይዙበታል» የሚል ፍርሃትም አለ፣ «ወረቀታችን ላይ ችግር ያመጣል» የሚልም። ሁለቱንም ልመልስ። መብቱን በጠየቀ ወላጅ ወይም በልጁ ላይ መበቀል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ልጆች በመኖሪያ ፈቃድ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከሉም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወስኗል፤ የአይኢፒ መብትም ከወላጅ ወረቀት ጋር አይያያዝም። ዝም አይነቅዝም እየተባልን አድገናል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ልጁ ላይ ይነቅዛል።

አቤቱታው ውስጥ መኖር ያለባቸው፦ ትምህርት ቤቱ ወይም ዲስትሪክቱ የልዩ ፍላጎት ሕጉን ጥሷል የሚል ቃል፣ ያንን የሚያሳዩ ማስረጃዎች፣ የልጁ ስምና አድራሻ፣ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ፣ ፊርማችሁና የምትገኙበት አድራሻ። ስቴቱ የተዘጋጀ ቅጽ አለው፣ ግን በቅጹ ላይ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ቅጂውን በዚያው ቀን ለዲስትሪክቱ መላክ ግን ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፣ በዚህም ይዘገይበታል።

አጻጻፉ እንዲህ ይሁን። ይህ ከእኔው የተወሰደ ነው፣ እኔ በእንግሊዝኛ ነበር የላክሁት፦

«የልጄ አይኢፒ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ የስፒች ቴራፒ እንዲሰጠው ያዛል፤ ገጹ ተያይዟል። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ 20 ድረስ 31 ጊዜ አልተሰጠውም፤ የአገልግሎት መዝገቡ ተያይዟል። በጽሑፍ ስጠይቅ ቴራፒስት እንደሌለ ተነገረኝ፤ ኢሜሉ ተያይዟል። ያልተሰጠው 15 ሰዓት ተኩል እንዲካካስለትና ቴራፒስት እንዲመደብ እጠይቃለሁ። ሌሎች ልጆችም በተመሳሳይ ሁኔታ አጥተው እንደሆነ እንዲመረመር እጠይቃለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ረቂቄ አራት ገጽ ነበር። ፀሐፊዋ ስልክ እንዴት እንደዘጋችብኝ ሁሉ ጽፌ ነበር። አንድ የምታውቅ ሰው አንብባው «ይህን ሁሉ መርማሪው በምን ያረጋግጠዋል?» አለችኝ። ልክ ናት። ቀን፣ ቁጥር፣ ተያያዥ ወረቀት። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ጀርባዋ ላይ ወረቀት ይኑራት።

«ሠራተኛ የለንም» የሚለው መልስ ደግሞ ከግዴታ አያድናቸውም። የሠራተኛ እጥረት እውነት ነው፣ በየስቴቱ አለ፣ ቴራፒስቶቹም ይደክማሉ። ግን ሕጉ ልጁ ይጠብቅ አይልም። ከግል ድርጅት ሊቀጥሩ ይችላሉ፣ በኦንላይን ሊሰጡ ይችላሉ፣ ኋላም ሊያካክሱ ይገባል።

የመጨረሻዋን የአቤቱታውን ዓረፍተ ነገር ያስገባሁት በምክር ነው። አቤቱታ ስለ አንድ ልጅ ብቻ መሆን የለበትም። ማንም ሰው ወይም ማኅበር ስለ ብዙ ልጆች ማስገባት ይችላል። የቤተ ክርስቲያን የወላጆች ኅብረት፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበር፣ የመስጊድ ኮሚቴ ይችላል። አስተርጓሚ ሳይቀርብላቸው ስለፈረሙ አሥር ቤተሰቦች አንድ አቤቱታ ማስገባት ከአሥር የተለያየ ኢሜል በብዙ ይበልጣል። በእኔ ጉዳይ ስቴቱ በዚያች ቴራፒስት ሥር የነበሩትን ልጆች ሁሉ እንዲያዩ አዘዘ።

ለመጻፍ የሚረዳችሁ ከፈለጋችሁ በየስቴቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ የወላጆች ማዕከል አለ፣ በነፃ። ቨርጂኒያ ላይ ፒያትክ፣ ሜሪላንድ ላይ ዘ ፓረንትስ ፕሌስ ኦፍ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ ላይ ፔሰር ሴንተር ይባላሉ። ስትደውሉ «አማርኛ አስተርጓሚ» በሉ።

ስምንተኛ፦ ውሳኔው ከወጣ በኋላ አትተኙ

ስቴቱ በሚመረምርበት ጊዜ ዲስትሪክቱ መልስ ይጽፋል። ያንን መልስ ጠይቃችሁ አንብቡት፤ ተጨማሪ ማስረጃ የመስጠት ዕድል አላችሁ። የእኛ ዲስትሪክት «ከ31ዱ 6ቱ ልጁ ስለቀረ ነው» ብሎ ነበር። የመቅሪያ መዝገቡን አወጣሁ። የቀረው 2 ቀን ነው። በዚያው ቀን ላክሁላቸው።

ውሳኔው ጥሰት አለ ካለ፣ ምን መስተካከል እንዳለበትና እስከ መቼ ያስቀምጣል። ጥሰቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መስተካከል አለበት። ቅድም ስለ ቨርጂኒያ ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ «ይካካስ» ይላል፤ መካካሱን የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ደብተሩ እንደገና ይከፈታል። ማካካሻው መቼ እንደሚሰጥም ተደራደሩ። እኛን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እናወጣዋለን አሉን። አይሆንም አልኩ። አንዱን ለመመለስ ሌላውን ማሳጣት ነው። ጁላይ ላይ ጠዋት ጠዋት እንዲሆን ተስማማን፣ 15 ሰዓት ተኩሉ አንድም ደቂቃ ሳይጎድል አለቀ።

ካላደረጉት ለዚያው የስቴት መርማሪ «በውሳኔው መሠረት እስከዚህ ቀን መፈጸም ነበረበት፣ አልተፈጸመም» ብላችሁ ጻፉ።

ሌሎቹ በሮች፣ ባጭሩ

ትምህርት ቤቱ ልጁን መርምሮ ባገኘው ውጤት ካልተስማማችሁ በዲስትሪክቱ ወጪ ገለልተኛ ምርመራ ጠይቁ። ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ የራሳቸው ምርመራ ትክክል መሆኑን በችሎት ለማስረዳት ራሳቸው ያመለክታሉ።

ልጃችሁን ወደ ሌላ ክፍል ወይም ትምህርት ቤት ሊያዛውሩት ከሆነና ካልተስማማችሁ «ዱ ፕሮሰስ» የሚባለው ችሎት አለ። ማመልከቻው እስኪወሰን ልጁ ባለበት ይቆያል፣ ይህን ስቴት ኮምፕሌይንት አይሰጣችሁም። ጊዜ ገደቡ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ግን እዚያ ዲስትሪክቱ ጠበቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ያለ ጠበቃ ባትገቡበት እመክራለሁ።

ልጁ በአካል ጉዳቱ፣ በዘሩ ወይም በቋንቋው ምክንያት አድልዎ ከደረሰበት፣ ወይም በቀል ከተፈጸመ፣ የፌዴራሉ የሲቪል መብቶች ቢሮ አለ። ገደቡ 180 ቀን ነው። ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ በ2022 ሎስ አንጀለስና ፌርፋክስ ካውንቲ በኮቪድ ጊዜ ለልጆች ያልሰጡትን አገልግሎት እንዲያካክሱ ያስማማው እሱ ነው። ግን በማርች 2025 ከ12 የክልል ቢሮዎቹ 7ቱ ተዘግተዋል። ስለዚህ አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ ወደ ስቴቱ ሂድ ነው የምለው።

ከአንድ ልጅ በላይ ማየት ለምትፈልጉ

እያንዳንዱ ስቴት የልዩ ፍላጎት ትምህርት አማካሪ ጉባኤ አለው። ሕጉ ከአባላቱ የሚበዙት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ወይም የልጆቹ ወላጆች እንዲሆኑ ያዛል። እኔ ሄጄ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አማርኛ የሚናገር ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስብሰባዎቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ቀኑን ከስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። መናገር ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ አስተርጓሚም በዚያው ጊዜ ጠይቁ። የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የምትሉትን ከቤት ጽፋችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ቅጂ አትሙ፤ አንዱን ለመዝገብ ያዡ ስጡት።